ቅዳሜ የተነበበው የእሑድ ንባብ

ልጁ የሴሚናሪ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። በትንሣኤ እሑድ ጠዋት ወንጌል እንዲያነብ ስሙ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ንባቡ አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ ስለሚተሳሰር ያቺ አንድ ገጽ ተኩል ተራራ ሆነችበት። ልብስ ሲያጥብ ያነባል፣ ድንች ሲልጥ ያነባል፣ ደረጃ ሲወርድ ያነባል። አብሮት የሚያድረው፣ በወፍራም ድምፁ የተነሣ «ደወል» የሚሉት ጓደኛው፣ አንድ ጠዋት ፎጣውን ትከሻው ላይ እንደጣለ፣ ጌታ እንኳ በሦስተኛው ቀን ተነሥቷል፣ አንተ ግን ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ መቃብሩ በር ላይ ቆመሃል ብሎ አሾፈበት።

ቀልዱ ልቡ ውስጥ ቀረ። እውነትም መጽሐፉን የሚገልጠው የት ጋ እንደሚደናቀፍ ለማወቅ ነበር እንጂ ምን እንደሚል ለመስማት አልነበረም። ጸሎቱም የቤት ሥራ ሆኖበታል፤ ጀምሮ ይጨርሳል፣ ሲጨርስ ግን ምን ብሎ እንደጸለየ አያስታውስም።

በሰሙነ ሕማማት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ቀን ቀን አጠገባቸው ሰው የሌላቸውን በሽተኞች ሆስፒታል ሄደው ይጠብቃሉ። ለእሱ የደረሱት አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሴት ልጃቸው ዳቦ ቤት ስለምትሠራ ከማታ በፊት አትደርስም። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሁለቱም ዓይኖቻቸው በፋሻ ታስረዋል። ትእዛዙ አጭር ነው፦ እሑድ ጠዋት ዶክተሯ መጥታ እስክትፈታው ድረስ ፋሻው አይነካም፤ ከትራሳቸውም ቀና አይሉም። ነርሷ ይህን ለእሳቸውም ለእሱም ሦስት ጊዜ ነግራለች። ዓይናቸውን ካጡ መርፌያቸውን አጡ ማለት ነው፤ መርፌያቸውን ካጡ ደግሞ፣ ራሳቸው እንደሚሉት፣ ጥግ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ሆኑ ማለት ነው። ጨለማ ውስጥ ስለሚውሉ ቀኑ ይምታታባቸዋል፤ ከእንቅልፋቸው በነቁ ቁጥር ዛሬ ምንድን ነው ብለው ይጠይቁታል።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሽማግሌው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሌላው አልጋ ባዶ ነበር። ልጁ መጽሐፉን አውጥቶ በሹክሹክታ ጀመረ። ሳይደናቀፍ ሲሄድለት ደስ አለውና ድምፁን ትንሽ ከፍ አደረገ፤ ከዚያ ደግሞ ትንሽ። ሴቶቹ በማለዳ ወደ መቃብሩ ሲሄዱ፣ ድንጋዩንም ተንከባሎ ሲያገኙት፣ እሱ ጀርባውን ለአልጋው ሰጥቶ፣ መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ አንድ ሺህ ሰው ፊት እንዳለ ሁሉ ያነብ ነበር። ተነሥቷል የሚለው ላይ ሲደርስ ከኋላው የአልጋው ሽቦ ሲጥጥ ሲል ሰማ።

ዞር ሲል ሽማግሌው ቁጭ ብለዋል። ፋሻው ጭናቸው ላይ ወድቋል።

«እንኳን አደረሰህ ልጄ፤» አሉ ዓይናቸውን እያርገበገቡ። «ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ተኛሁ?»

ልጁ ወደ አልጋው ሮጠ። ገና ቅዳሜ መሆኑን በምን ቃል እንደነገራቸው በኋላ ሊያስታውስ አልቻለም። ትከሻቸውን ደግፎ መልሶ አስተኛቸውና ነርሷን ጠራ። ነርሷ መጥታ ፋሻውን ስታይ፣ ምነው አባባ፣ ልጅ ሆኑ እንዴ ብላ ወረደችባቸው። ሽማግሌውም በሕልሜ ነው የፈታሁት አሉ። ልጁ ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ ለእሱ ሲሉ መዋሸታቸውንም ያውቃል። ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ላይ ያልቅ ነበር።

«ሕልም አይደለም ሲስተር፤» አለ። «የነገውን ንባብ ዛሬ አነበብኩባቸው። እሑድ መስሏቸው ነው።»

ነርሷ መቆጣትም መሳቅም እንዳማራት አየችው። ከዚያ ዓይናቸውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና ዶክተሯን ልትጠራ ወጣች።

ዶክተሯ እስክትመጣ አንድ ሰዓት ፈጀ። ልጁ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የዓይናቸው ስፌት ለቆ ቢሆንስ? ያን ንባብ መቶ ጊዜ ሳያነበው አይቀርም፤ አንድም ቀን ግን ከተቀመጠበት አላስነሣውም። እኚህ ሰው በእንቅልፋቸው መሀል አንዴ ሰሙትና እውነት ነው ብለው ቀና አሉ። ታዲያ የሴሚናሪ ተማሪው ማን ነው? ሊጸልይ ሞከረ። በቃሉ የሚያውቀው ሁሉ ከዳው። «ዓይናቸውን ብቻ» አለ በልቡ፤ ደግሞም «ዓይናቸውን ብቻ»።



«ደግሞ እንዳታለቅስብኝ፤» አሉት ሽማግሌው። «ሃምሳ ዓመት ሰፍቻለሁ። ጥሩ ሰፊ የሰፋው አንዴ ቀና ስላሉ አይተረተርም።»

ዶክተሯ ከነርሷ ጋር ስትገባ ልጁ ተነሥቶ በሩ አጠገብ ቆመ፤ እሷም ጨርቁን አነሣች። በትንሿ መብራት አንዱን ዓይን አየች፣ ሌላውን አየች፣ እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። ከዚያ ወደ በሩ እንዲመለከቱና የሚታያቸውን እንዲነግሯት ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው በሩ አጠገብ የቆመው ልጅ ላይ አተኮሩ።

«አንድ ልጅ ይታየኛል። ጥቁር ለብሷል። የላይኛዋ ቁልፍ ግን በሰማያዊ ክር ነው የተሰፋችው።» ደግሞም፣ «ማን ሰፋልህ ልጄ?» አሉት።

«እኔ ነኝ አባባ።»

«ያስታውቃል።»

ዶክተሯ ሳቀች። ስፌቱ ከቦታው ንቅንቅ እንዳላለ፣ ዓይናቸውም ካሰበችው በላይ ደህና መሆኑን ነገረቻቸው። ፋሻው ግን እስከ ነገ ጠዋት ተመልሶ ይታሰራል። ለልጁም ከእንግዲህ ቀን መቁጠሪያ አይቶ እንዲያነብ አደራ ብላው ወጣች።

ልጁ መሳቅ ፈልጎ ነበር፤ አልቻለም። ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለ። «ተመስገን» አለ ጮክ ብሎ። ነርሷ ሰምታዋለች፤ አላፈረም። ተመስገን የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ብሎታል፣ ዛሬ ግን ከሆዱ ወጣ።

ፋሻው እየታሰረላቸው ሳለ ሽማግሌው እጃቸውን ወደ እሱ ዘረጉ።

«ከዚያስ? ሳላስጨርስህ ነው የተነሣሁት።»

ልጁ ነርሷን ቀና ብሎ አያት። እሷም፣ አንብብላቸው፣ ግን እጃቸውን ያዝ አለችው። ከወለሉ ተነሥቶ ወንበሩን አስጠጋ፤ በአንድ እጁ የሽማግሌውን እጅ ያዘና በሌላው መጽሐፉን ገለጠ።