ዜሮ ነጥብ

«እኔማ ብያለሁ! የሰው ጭንቅላት ላይ ኮረንቲ ስታደርግ ኖራ እሷኑ በላት» አለች አክስት። ሹክ ማለቷ ነበር፤ የአክስት ሹክሹክታ ግን ሁለት ክፍል አቋርጦ ኩሽና ይደርሳል።

የሟች ታላቅ ወንድም ኩሽና ውስጥ የሻይ ብርጭቆ እያለቀለቀ ነበር። «ልቧ ነው የገደላት፣ አክስቴ። ኮረንቲው የአሻንጉሊት ባትሪ እንኳ አያክልም» አለ ከዚያው ሆኖ።

«አንተ ደግሞ ጠበቃዋ!» አለች አክስት፤ ወዲያው እንባዋ ቀደማትና ለቀስተኛው ሁሉ አብሯት አለቀሰ።

እሱ ጠበቃ ካልሆናት ማን ሊሆናት ነው? ለሬዲዮ ድራማ እየጻፈ ፀጉሩ ሸብቷል። አንድ ክረምት ላይ ግን ብዕሩ ነጠፈ። ወረቀቱ ፊት ይቀመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ጥፍሩን ይቆርጣል፣ ይነሳል። አድማጭ የሚወዳቸው ባልና ሚስት ገጸ ባሕርያቱ ተኳርፈው እንደተዘጋጉ ቀሩ፤ የሚያስታርቃቸው ቃል ጠፋ።

ያን ጊዜ ነው እህቱ የደረሰችለት። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቦታ አልቀመጥ ስላለች «ኮረንቲ» ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ነው። ዶክትሬቷን ጨርሳ አንድ የአንጎል ምርምር ተቋም ገብታ ነበር። የምታጠናው፣ አንጎልን በደካማ ኤሌክትሪክ መቀስቀስ የሰውን የፈጠራ ችሎታ ይጨምር እንደሆነ ነው። ዘመድ በጥናቱ አይቆጠርም፤ «ለልምምድ ትሆነኛለህ፣ ወንድም ጋሼ» ብላ ወሰደችው።

ወንበሩ ላይ ታስቀምጠዋለች። ባለ ጭራ ሚዶ ይዛ ፀጉሩን ትከፍላለች፣ ራሱ ላይ እርጥብ ስፖንጅ ታደርጋለች፣ በላስቲክ ታስራለች፣ ቁልፉን ትጫናለች። ትንሽ ይነዝረዋል። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ ትጠይቀዋለች።

«ጡብ ምን ምን ያደርጋል?»

«ቤት ይሠራበታል።»

«ዜሮ። ይሄንን ማንም ይለዋል።»

«የመሥሪያ ቤት አለቃ ልብ ሲሰበር ለመለዋወጫ ይሆናል።»

«አንድ!» ትላለች እየሳቀች። «ቀጥል፣ ቀጥል።»

የዚያን ቀን ማታ ባልና ሚስቱ ታረቁ። ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ ይሄዳል፤ ሐሙስ ማታ ይጽፋል። ለጠየቀው ሁሉ «ሞልቼ መጣሁ» ነበር መልሱ፤ ማሽኑን እንደ ታቦት ይምልበታል።

አሁን ሳሎኑ ተጣቦ ሳለ ከምርምር ክፍሏ ባልደረባዋ መጣ፤ «ረጅሙ» ትለው የነበረው ልጅ። ጠረጴዛዋ ላይ የነበረውን ዕቃ በካርቶን ይዟል። ወንድምየው ክንዱን ይዞ እህቱ መኝታ ቤት አስገባውና በሩን ገፋ አደረገው።

«ማሽኑ አለ አይደል?» አለው።

«አለ።»

«ነውር እንዳትለኝ፣ በለቅሶ መሀል ነው የምጠይቅህ። ሐሙስ ሐሙስ ልምጣ? እሷ ከሞተች ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣኝም። ጣቢያው ደግሞ ድራማውን ሊዘጋው ነው። እሱን ካልጻፍኩ ምን ሠርቼ እንደምኖር አላውቅም።»

ረጅሙ ካርቶኑን አልጋው ላይ አስቀመጠ፤ ቀና ግን አላለም።

«ጋሼ፣ ለእርስዎ ኮረንቲው በርቶ አያውቅም።»

«ይነዝረኝ ነበር እኮ!»

«ሲጀምር ነዘር አድርጎ ይጠፋል፤ አንጎል አይደርስም። ከሰዎቹ ግማሾቹን እንዲህ ነው የምናደርጋቸው፣ ከሌሎቹ ጋር ለማወዳደር፤ ለልምምድ የሚመጣውንም እንዲሁ። ለማን እንደሚበራ ማሽኑ ላይ የምሞላው እኔ ነኝ፤ ጠያቂዋ አታውቅም።»

«እሷ ሳታውቅ ሞተች?»

«ኋላ ነገርኳት። ስቃ ስቃ ስታበቃ፣ ‹ለወንድም ጋሼ እንዳትነግረው፣ ሐሙሴ ይቀርብኛል› አለችኝ። ከዚያም በየሐሙሱ ያንኑ የማይሠራውን ስታስርልዎ ነበር።»

ወንድምየው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ደስ ሊልዎት ይገባል እኮ» አለ ረጅሙ፤ ማጽናናቱ ነው። «ችሎታው የራስዎ ነበር ማለት ነው።»

የተማረ ሰው እንዲህ ያጽናናል። ማሽን ቢሆን ኖሮ ደጅ ጠንቶም፣ ለምኖም ያገኘው ነበር። ማሽኑማ ጨርቁን ለብሶ ቦታው ተቀምጧል። ወንበሯን አስጠግታ «ቀጥል» የምትለው ግን አፈር ውስጥ ናት፤ እሷን የት ሄዶ ይለምናል? ለረጅሙ ይህን አላለውም። አመስግኖ ሸኘው።

«ምን አለህ ሰውዬው?» አለች እናቱ ከፍራሿ ላይ ሆና።

«ምንም፣ እማዬ። ዕቃዋን አመጣ።»

ተመልሶ ካርቶኑን ከፈተ። ሹራቧ አለ፣ እጀታው የተሰበረ ስኒ አለ፣ ከሥር ሚዶው አለ። ከራስጌዋ ብርጭቆ ውስጥ የተረፈ ውኃ ነበር፤ ሚዶውን ነክሮ እሷ በምትከፍለው በኩል ፀጉሩን ከፈለ። ውኃው በግንባሩ ወረደ። ወንበሯን ስቦ ፊት ለፊቱ አስጠጋ።

«ሚዶ ምን ምን ያደርጋል?» ብሎ ጠየቀ።

ጠበቀ። ሳሎን ውስጥ አዲስ ለቀስተኛ ገብቶ አክስት ከሥር ጀምራ ትተርክለታለች። ዓይኑን ጨፍኖ ደግሞ ጠበቀ።

«ፀጉር ያበጥራል» አለ በመጨረሻ።

«ዜሮ» የሚለው ሰው አልነበረም። የከፈለውን ፀጉር በመዳፉ መልሶ ገጠመው።