ከጉድጓዱ የተሰማው

ገመቹ ከመኪናው ዘሎ ሲወርድ መጀመሪያ ያየው ወገቡን በገመድ የሚያስር ሰው ነው። ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ግንባታው ባላለቀ ግቢ ውስጥ፣ ሃያ የሚሆን ሰው አንድ ጉድጓድ ከቦ ይጯጯኻል።

«ስንት ሰው ገባ?» አለ ገመቹ። የእሳት አደጋው ቡድን መሪ እሱ ነው፤ በሥራው ላይ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቷል።

«ሁለት ሠራተኞች ናቸው ልጄ!» አሉ የቤቱ ባለቤት እማማ ወለተጻድቅ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው። «የጉድጓዱ ክዳን፣ ሶሌታው፣ ከተሞላ ሦስት ሳምንቱ ነው። ሙሐዲን ከሥር የቀረውን የድጋፍ እንጨት ሊፈታ ገባና ድምፁ ጠፋ። ወንድይፍራው ላውጣው ብሎ ወረደ፤ እሱም እንደወረደ ቀረ።»

ገመድ የሚያስረው የሙሐዲን ታላቅ ወንድም ሽኩር ነበር። ገመቹ ገመዱን ከእጁ ነጠቀው።

«ልቀቀኝ! ወንድሜ ነው!»

«እዚያ ውስጥ አየር የለም። ብትገባ ሦስተኛው አንተ ነህ።»

ለሽንት ቤት የተቆፈረው ጉድጓድ አራት ሜትር ይጠልቃል። ላዩ በአርማታ ተደፍኖ፣ የቀረው አፍ አንድ ቀጭን ሰው ትከሻውን ሰብስቦ የሚያልፍበት ብቻ ነው። በክረምቱ ርጥበት የበሰበሰው እንጨት አየሩን መርዞታል። ከቡድኑ ቀጭኑ ክብሮም ጭንብሉን አጥልቆ፣ የአየር ሲሊንደሩን በጀርባው አዝሎ እግሩን አስገባ። ገና ወገቡ ሳያልፍ ሲሊንደሩ ከአርማታው ጋር ተቀረቀረ። ጎትተው አወጡት።

«አለቃ፣ ሲሊንደሩን ላውልቀውና ትንፋሼን ይዤ ልግባ። አንድ ደቂቃ ትበቃኛለች።»

«አይሆንም። አፉን እንሰብረዋለን። መዶሻ አምጣ!»

ትርፍ ሲሊንደር ከፍተው አየር እንዲለቅ በገመድ ወደ ታች አወረዱ። ክብሮም ወደ መኪናው ሲሮጥ ገመቹ ባትሪ ይዞ ጉድጓዱ አፍ ላይ በሆዱ ተኛ። ሁለት ሰዎች ተደራርበው ወድቀዋል። ከዚያ ሰማው። የታፈነ፣ ረዥም ማንኮራፋት፤ ቆም አለና ደግሞ ተሰማ።

ሽኩር አጠገቡ ተንበርክኮ ነበር። «ሰማህ? ወላሂ ይተነፍሳል! አልሞተም!»

ገመቹ ቀና ሲል ክብሮም መዶሻውን ይዞ ቆሟል፤ እውነት ነው ወይ በሚል ዓይን ያየዋል። ልጁን ያውቀዋል። አዎ ካለው ሁሉንም ጥሎ ይገባል።

«ምንም አይሰማም» አለ። «ምታ!»

ሽኩር ረገመው፤ ደረቱንም መታው። ቀድመው የደረሱት ሁለት ፖሊሶች ይዘው ከአጥሩ ጋር አጣበቁት። ከሰዉ መሃል አንዱ «እነዚህ ሬሳ ለመጫን እንጂ ሰው ለማዳን አይደርሱም!» አለ። አርማታው አልበገር አለ፤ ብረቱ ጥቅጥቅ ብሎ ነው የታሰረው። «እኔ ነኝ ብረት ጨምሩበት ያልኩት፣ እኔ ነኝ» እያሉ እማማ ወለተጻድቅ ያለቅሳሉ። ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ማንኮራፋቱ መቼ እንደቆመ ገመቹ አላወቀም፤ የመዶሻው ጩኸት ውጦታል።

ክብሮም ወርዶ ሁለቱን አንድ በአንድ በገመድ አሰረላቸው፤ ጎትተው አወጧቸው። የአምቡላንሷ ነርስ ደረታቸውን እየተጫነች ብዙ ደከመች። በመጨረሻ ጓንቷን አወለቀች። ሽኩር የወንድሙን ፊት በሸሚዙ ጠረገ።

በሳምንቱ ሽኩር ወደ ጣቢያው መጣ። ለወረዳው የሚያቀርበው የአደጋ ማስረጃ ፈልጎ ነው። ገመቹ ወንበር ሰጠው፤ አልተቀመጠም። ወረቀቱን ቆሞ አነበበው።

«ቡድኑ ሲደርስ ሁለቱም ሕይወታቸው አልፎ ነበር ይላል።»

«አዎ።»

«አንተ ጆሮህ ደህና ነው?»

አሁንም ከዋሸ ይህ ሰው ያን ቀን አብጄ ነበር ወይ እያለ ሊኖር ነው።

«ሰምቻለሁ» አለ።

«ታዲያ ለምን ካድክ?»

«ባምን ኖሮ ጓደኛዬ ይገባ ነበር። ሦስት ሬሳ ነበር የማወጣው።»

«ወይም ወንድሜን በሕይወት።»

«ወይም ወንድምህን» አለ ገመቹ።

ሽኩር ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለሰው። «እንግዲያው እሱን ጻፍልኝ።»

ገመቹ ሌላ ወረቀት አወጣ። ቡድኑ ሲደርስ ከጉድጓዱ ውስጥ የትንፋሽ ድምፅ ይሰማ እንደነበር ጻፈ፤ ሰምቶ እንደካደም ጻፈ። ፈርሞ ማኅተም መታበት። ሽኩር አጥፎ ኪሱ ከተተውና ደህና ዋል ሳይል ወጣ።

ቅጂውን ከሰዓት በኋላ ክብሮም አነበበው።

«ለእኔ ልትነግረኝ ይገባ ነበር አለቃ።»

«ብነግርህ ትገባ ነበር።»

«አዎ፣ እገባ ነበር» አለ ክብሮም። ወረቀቱን ቦታው መልሶ መኪናውን ወደሚያጥቡት ሰዎች ሄደ።

በወሩ ክብሮም ወደ ሌላ ጣቢያ ለመዛወር አመለከተ። ማመልከቻው ላይ ምክንያት የሚለውን ቦታ ባዶ ትቶታል። ገመቹም አልጠየቀውም፤ ፈርሞ ሰጠው።