የማይጠጣው ሰው ጀሪካን

ሁንዴሳ በዕድሜው ጠላ ቀምሶ አያውቅም። ስለዚህ ፋሲካ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በዓሉ እስኪያልፍ በቀበሌው ምንም ዓይነት መጠጥ እንዳይሸጥ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ሐሳብ ሲቀርብ መጀመሪያ እጁን ያወጣው እሱ ነበር። ምክንያትም ነበረው። ባለፈው ዓመት በፋሲካ ምሽት የጎረቤቱ የነገሪ ልጅ በሰካራሞች ጠብ መሃል በተሰበረ ጠርሙስ አንድ ዓይኑን አጥቷል። ከሁንዴሳ ጋር በአንድ ቸርች የሚያመልከው ሽማግሌው ነገሪ የተነሳውን እጅ አይቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ ክልከላውም ጸደቀ።

በማግስቱ ጠዋት ሁንዴሳ እንደ ወትሮው ሁለት ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ አገኘሁሽ ቤት ሄደ። አገኘሁሽ ወላጆቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ የሰፈሩ፣ ጠላ ጠምቃ ልጆቿን የምታስተምር ሴት ናት። ጠላው ተጠልሎ ካለቀ በኋላ ጋኑ ሥር የሚቀረው አተላ ለእሷ የሚደፋ ነገር ነበር፤ ለሁንዴሳ ግን እንጀራው ነው። ከባምባሲ ገበያ አጥንታቸው ሲቆጠር የገዛቸውን ሁለት በሬዎች፣ ቡሬንና ዳለቻን፣ አራት ወር ሙሉ ያደለበው በእሱ ነው።

አገኘሁሽ ደጃፏ ላይ ጋን ታጥባለች።

«አያ ሁንዴሳ፣ ትናንት ያወጣኸው የትኛውን እጅህን ነው?» አለችው ቀና ሳትል። «ጀሪካን የሚይዘውን ነው ወይስ ሌላ አለህ?»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ ግን የመጨረሻውን አተላ ግማሽ ጀሪካን ቀድታ ሰጠችውና ከእንግዲህ እንደሌለ ነገረችው። የማይሸጥ ጠላ ማን ይጠምቃል? ብቅሉንም ጌሾውንም ቋጥራ ሰቅላዋለች። ሁንዴሳ ሌሎች ሦስት ጠላ ቤቶች ዞረ፤ መልሱ አንድ ነበር። ሲመለስ ጌሾ የምትሸጠው ሴትም ማዳበሪያዋን ጠቅልላ ወደ ቤቷ ስትሄድ አገኛት።

አተላ የለመደ በሬ ገለባ ቢያቀርቡለት አሽትቶ ፊቱን ያዞራል። ከዘይት መጭመቂያ የሚገኘው ፋጉሎ ደግሞ፣ በዓል ስለቀረበ ሁሉም አደላቢ እየተሻማበት፣ ዋጋው አልቀመስ አለ። ሁንዴሳ ከየዛፉ ሥር የወደቀ ማንጎ ለቅሞ ሰጣቸው፤ በሉ፣ በሉና ተቅማጥ ያዛቸው። በስምንተኛው ቀን የቡሬ ሻኛ ዘመመ። ለቅርጫ በሬ ሊመርጡ ከመጡት አንዱ ጎኑን ዳሰስ አድርጎ፣ «ይሄ ለፋሲካ ሳይሆን ለእርሻ ነው» አለና ጓደኞቹን አስከትሎ ወጣ።

በሬዎቹ በፋሲካ ገበያ ካልተሸጡ ሌላ ጥንድ መግዣ የለውም፤ ማደለቡ እዚያው ላይ ያበቃል። ሚስቱ ቡሴ አገኘሁሽን በድብቅ እንድትጠምቅ ለምናት አለችው። ሁንዴሳ ቀኑን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ዋለ።

«እጄን ያወጣሁት በአደባባይ ነው» አላት ማታ። «የማወርደውም እዚያው ነው።»

ረቡዕ ዕለት የቀበሌው ኮሚቴ የክልከላውን ውጤት ሊገመግም ነዋሪውን ሰበሰበ። ሁንዴሳ ገና ዕድል ሲጠይቅ የበርታ ተወላጁ ሊቀመንበር ኡመር ፈገግ ብሎ በለመደው የዓረብኛ አጠራር ጠራው።

«ያ ሁንዴሳ፣ አንተም ጠላ ጀመርክ እንዴ?»

አዳራሹ ሳቀ። ሁንዴሳ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ።

«እኔ አልጠጣም። በሬዎቼ ግን የሚበሉት አተላ ነው። እጄን ሳወጣ ይህን አላሰብኩትም፤ ጥፋቱ የራሴ ነው።»

ከዚያ ያየውን ተናገረ። ክልከላው የመታው ሰካራሙን ብቻ ሳይሆን ብቅል ሻጯን፣ ጌሾ ሻጯንና እሱን ራሱን እንደሆነ አስረዳ። ጠላ ቀን ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይሸጥ፤ ማታ ሁሉም ይዘጋ፤ የጠርሙስ መጠጥ እንደተከለከለ ይቆይ ብሎ ጨረሰ።

ነገሪ ከፊት ወንበር ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ልጄ ዓይኑን ያጣው በበዓል ነው። አንተ ለበሬ ታዝናለህ።»

ሁንዴሳ አንገቱን ደፋ፤ ግን አልተቀመጠም።

«ከምሽቱ አራት ሰዓት ነበር፣ ጋሼ ነገሪ። ተሸክሜ ሐኪም ቤት ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሰዓቱን አልረሳውም።»

ነገሪ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ኡመር የሚደግፉ እጅ እንዲያወጡ ጠየቀ፤ ከግማሽ በላይ ወጣ። ነገሪ አላወጣም። የሚቃወሙ ሲባልም አላወጣም።

በማግስቱ ገና ሳይረፍድ ሁንዴሳ ጀሪካኖቹን ይዞ አገኘሁሽ ደጃፍ ደረሰ። አገኘሁሽ ብቅሉን አውርዳ፣ ጋኑን አጥና ጨርሳለች። ጀሪካኖቹን አይታ ራሷን ነቀነቀች።

«አተላ በስብሰባ አይወርድም፣ አያ ሁንዴሳ። ዛሬ ብጠነስስ የምታገኘው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። እሱም ውሃ ካገኘሁ፤ የግቢዬ ቧንቧ ከትናንት ጀምሮ ደርቋል።»

ሁንዴሳ በልቡ ቆጠረ። ለገበያው ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። ስድስቱ ሲነሳ ሦስት ቀን ይተርፈዋል። ሦስት ቀን ሻኛ አያቀናም፤ በሬው አፉን ለመብል እንዲከፍት ግን ይበቃል። እስከዚያ ገለባውን በጨው ውሃ አርሶ በእጁ ያጎርሳቸዋል።

ጀሪካኖቹን አንስቶ ውሃ ወዳልጠፋበት የሕዝብ ቦኖ አቀና። ሰልፍ ይዞ ሞላና መመለስ ጀመረ። ከቸርቹ በር ፊት ለፊት ነገሪ ቆሞ ነበር። ሁንዴሳ መንገድ አልቀየረም።

«ለጠላ ነው?» አለ ነገሪ።

«ለጠላ ነው፣ ጋሼ።»

ነገሪ ከመንገዱ ገለል አለለት። ሁንዴሳ አገኘሁሽ ቤት ደርሶ ውሃውን ጋኑ አጠገብ አስቀመጠና፣ «ስንት ጀሪካን ይበቃሻል?» አላት።

«ስምንት።»

ባዶዎቹን አንጠልጥሎ ወደ ቦኖው ተመለሰ።