ትንፋሽ ያዘለው መነጽር

«አትንካው አልኩህ! ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

«እታለም፣ እጄን ልቀቂ። የያዝኩት ጠመንጃ ነው፣ ድስት አይደለም።»

«ባዶ ነው አላልክም?»

«ባዶ ነው የተባለ ጠመንጃ ነው ሰው የሚገድለው።»

የመነጽር ሠሪው እህት እጁን ለቀቀች እንጂ ከጠረጴዛው አልራቀችም። መነጽር ሠሪው አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ማጉረሻውን ወደ ኋላ ስቦ ውስጡን ለሦስተኛ ጊዜ በትንሿ ጣቱ ዳሰሰ። ባዶ ነው። ጥይቶቹን ገና ትናንት አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎባቸዋል። ከዚያ የማነጣጠሪያውን መነጽር የያዙትን አራት ብሎኖች ፈትቶ መነጽሩን ለብቻው ጨርቅ ላይ አስተኛው፤ ጠመንጃውን መደርደሪያው ላይ አወጣው።

ጠመንጃው የባሏ ነው። ባሏ የደን ጠባቂ ነበር። ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት በጠዋት እንደወጣ አልተመለሰም። ሊፈልጉት የወጡት ሰዎች ያገኙት ይህን ብቻ ነው፤ ከአንድ ጥድ ጋር ተደግፎ ቆሞ፣ ከጥይቱ አንድም ሳይጎድል። ደም የለ፣ የተቀደደ ልብስ የለ። በዘጠነኛው ቀን የደን ጽሕፈት ቤቱ ፍለጋው አብቅቷል አለ። ትናንት ደግሞ ጠመንጃውን ከአጭር ወረቀት ጋር ላከው፤ መነጽሩ ይጽዳ፣ አዲሱ ጠባቂ ዛሬ ቀትር ላይ መጥቶ ይወስደዋል የሚል።

«እይ እስቲ» አለች፣ ዓይን የሚጠጋበትን መስታወት እያሳየች። ዳር ላይ ቅባት የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል። «ቅንድቡ ያረፈበት ነው። እሱን ጠርገህ ለሌላ ሰው ልትሰጥ?»

«ላብና አቧራ ነው፣ እታለም።»

«የማን ላብ?»

እሱ የጨርቁን ጫፍ አስተካከለ።

«እንግዲያው ልቀቀኝና ወጥቼ ልፈልገው» አለች።

«አትሄጂም! ሃያ ሰው ከነውሻው ያላገኘውን አንቺ ታገኚዋለሽ? አንቺም እዚያው ብትቀሪ ለእማማ ምን ብዬ ልንገራት? በየት ዓይኔ ልያት?»

እናታቸው አደራ ካለችው ወዲህ እህቱን ከዓይኑ አላራቃትም። በጠዋት ከቤቷ ይዟት ይመጣል፤ ማታ ይመልሳታል፤ ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ፣ በመነጽር ማቀፊያዎቹ መካከል፣ እንደ ዕቃ ተቀምጣ ትውላለች። በልቡ ግን አንድ ተስፋ ነበረው። ጠመንጃው ጸድቶ ከሄደ እሷም ቁርጧን ታውቃለች፣ አልቅሳ ይወጣላታል ብሎ ያስባል።

አፍና አፍንጫውን በመሐረብ አሰረ። ሠፈሩ በዚህ ይስቅበታል፤ «ምን ልትዘርፍ ነው?» ይሉታል። እሱ ግን መስታወት ላይ አይተነፍስም፤ አጠገቡም ሰው አያስተነፍስም። የእህቱ ባል በተቃራኒው፣ ሀህ ብሎ ተንፍሶበት በሸሚዙ ጫፍ ይወለውለው ነበር። «ጋሼ፣ አሸዋውን እየፈጨህበት እኮ ነው!» ሲለው «አንተ ብርጭቆህን እጠብ፣ እኔ ደኔን ልጠብቅ» ብሎ ይስቅበታል። የሸሚዙ ሥራ አሁንም መስታወቱ ላይ ይታያል፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች።

መጀመሪያ በጎማ መንፊያው አቧራውን አባረረ። ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ፣ ሳይጫን፣ የቀረውን አሸዋ አነሳ። ከዚያ ጨርቁ ላይ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ አደረገ፤ ጨርቁ ላይ እንጂ መስታወቱ ላይ አይደለም፣ በጠርዙ ሰርጎ እንዳይገባ። ከመሐል ጀምሮ ክብ እየሠራ ወደ ዳር ወጣ። ቅባቱ ለቀቀ። እህቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ክዳኑን ሊገጥምበት ሲያነሳ መስታወቱ ላይ ጉም አየ። የሳንቲም ያህል ነው።

ከብርድ ወደ ሙቀት የገባ መስታወት እንደሚያልበው ያውቃል። ይሄ ግን ከትናንት ጀምሮ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው። ውሃ ውስጡ ገብቶ ይሆናል ብሎ ጠረገው፤ ጨርቁ ረጠበ። ከውጭ ነው ማለት ነው። መሐረቡን በእጁ ዳሰሰ፤ እንደታሰረ ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ መስኮቱንም ዘጋው።

ጉሙ እንደገና መጣ። ትንሽ ሆነና ከሰመ። ትንሽ ሆነና ከሰመ። ከዚያ እስከ ጠርዙ የሸፈነ ትልቅ ጉም መጣ፤ ይሄኛው የከሰመው በቀስታ ነው።

«ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም» አለች እህቱ ከኋላው። መቼ እንደዞረች አላየም። «አፍንጫው ከተሰበረ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚተነፍሰው። አሥራ አንድ ዓመት አጠገቡ ተኝቼ ሰምቼዋለሁ።»

«መስታወት አይተነፍስም።»

«መስታወቱ ነው መቼ አልኩ?»

ክዳኑን ገጥሞ መነጽሩን በመዳፉ ያዘው። ለመጨረስ ነበር፤ ግን ክዳኑ በጣቱ ሥር ለብ አለ፣ ቀዘቀዘ፣ ለብ አለ። ቶሎ ብሎ አስቀመጠው።

ያኔ በሩ ተከፈተና አዲሱ ጠባቂ ገባ፤ ደረቱ ሰፊ፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነበር።

«እንደምን ዋላችሁ! ምነው ፊትህ ተሸፍኗል፣ ጥርስ ነቃይ ሆንክ እንዴ?» አለና መነጽሩን ብድግ አድርጎ ክዳኖቹን አወለቀ። «ልሞክረው?»

«እንዲህ ለብቻው ይሻላል። ጠመንጃው ላይ እንዳለ ሰው ወደሚያልፍበት አይታይበትም።»

ጠባቂው ወደ መስኮቱ ሄዶ መነጽሩን ከከተማው ጫፍ ወደሚነሳው ኮረብታ፣ ወደ ደኑ፣ አቀናው። «ወይ ጉድ! ቅጠሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። እጅህ ይባረክ።» መነጽሩን ይበልጥ ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «ያ ሰውዬ ግን ማነው?»

«የቱ?»

«ከገደሉ በላይ፣ ለሁለት የተሰነጠቀው ጥድ ሥር። ወደዚህ ነው የሚያየው።»

መነጽር ሠሪው ቀማው። ዛፍ ብቻ ነው የታየው። «ጉቶ ነው።»

«ጉቶ እጁን ያነሳል? አምጣው ወዲህ!»

«ማስተካከያውን ሳታዞር እያየህ ነዋ። ወደ ግራ አዙረው። ወደ ግራ አልኩህ!»

«አዞርኩት። ይኸው ቆሟል።»

«እስቲ ልየው… ምንም የለም።»

«ዓይንህ ነው እንግዲህ። መነጽር ሠሪ መነጽር ቢያስፈልገው ነውር የለውም።»

መነጽር ሠሪው ደሙ ፈላ። በዓይኑ ተሰድቦ አያውቅም። መሐረቡን ከአፉ አወረደና ከሰውየው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ መስኮቱ ላይ ቆመ፤ መነጽሩ ከእጅ ወደ እጅ ይመላለስ ጀመር።

«አሁንስ?»

«አሁንማ ጉም ሸፈነው።»

«ተንፍሰህበት ነው! ራቅ አድርገህ ያዘው።»

«ኧረ ትንፋሼን ይዣለሁ፣ አንተ ሰው!»

እህቱ ኮቷን ከሚስማሩ ላይ አወረደች። እስከ አንገቷ ቆለፈችው። በሩን ሰው እስኪያሾልክ ብቻ ገፋ አድርጋ ወጣች፣ መልሳም ዘጋችው። ሁለቱ አሁንም ጀርባቸውን ሰጥተው ስለ ጥዱ ግራና ቀኝ ይከራከሩ ነበር። እሷ መንገዱን ተሻገረች፤ ወደ ኮረብታው በሚወጣው መታጠፊያ ገባች።