ለእርጉዝ የተሠራ አተካና

...ዳቦ ብላ ነው የመዘገበችው፣ ምን ታድርግ፣ ካሎሪ የሚቆጥርላት የስልኳ አፕ ፒዛን ያውቃል፣ አቮካዶን ያውቃል፣ ቆጮ ሲሉት ግን አልተገኘም ይላል፣ እሷም ቆጮን ዳቦ ብላ ሰየመችና ከልኩ አንዲት ጉርሻ ላታልፍ ለራሷ ምላ ከረመች፣ አሁን ደግሞ ይሄ፣ ፊት ለፊቷ በጣባ የቀረበው አተካና፣ በወተትና በአይብ የበሰለ ቡላ፣ ቅቤው ከላይ ተንጣሎበት፣ ይሄስ ምን ተብሎ ይመዝገብ። ምንም። ዛሬ መዝጋቢም የለ።

ብዪ እንጂ ልጄ፣ ይላሉ እማማ አባይነሽ፣ የባሏ የሲላስ እናት፣ ጣባውን ጭናቸው ላይ አቅፈው ከሌሞ ገጠር እስከ ሆሳዕና ድረስ በጋሪ የመጡት፣ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አፍ አፏን ያያሉ። በእነሲላስ ቤት ደንቡ እንዲህ ነው፣ ምራት ስታረግዝ አማት በገዛ እጇ አተካና ሠርታ ታመጣለች፣ ምራትም አማቷ እያየቻት ትበላለች። ርብቃ ፈገግ ለማለት ትሞክራለች።

ሲላስ፣ አይ ሲላስ፣ የወር አበባዬ ዘገየ ብትለው ምርመራውን እንኳ ሳይጠብቅ ስልኩን አንስቶ ለእናቱ፣ እናቱ ለጸሎት ጓደኞቻቸው፣ እነሱ ለመንደሩ፣ ሆዷ ባዶ መሆኑን ከእሷና ከጤና ጣቢያዋ ነርስ ከሲስተር ዮዲት በቀር የሚያውቅ የለም፣ እሷም ብትሆን ያወቀችው ዛሬ ጠዋት ነው።

እርግዝና አይደለም ርብቃ። ታዲያ ለምን ቀረ? ምን እየበላሽ ነው? ቆጮ፣ በልኩ፣ ሻይ ያለ ስኳር። ሌላስ? ሌላማ ተውኩት፣ እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ባቄላውን፣ ካሎሪያቸው ተደምሮ አላዋጣኝም፣ ግን ቀንሻለሁ ሲስተር፣ በጣም ነው የቀነስኩት፣ ስትናገር ኮራ እንዳለች ትዝ ይላታል፣ ያሳፍራል፣ ሲስተር ዮዲት ግን አልሳቀችም። ለማርገዝ ይረዳሻል፣ ክብደት ቀንሺ ነው ያልንሽ፣ ተራቢ አላልንሽም፣ ሰውነትሽ ረሀብ የገባ መስሎታል፣ ለራሱ ያልበቃው ለልጅ ከየት ያምጣ፣ ደሙን ያቆመው ለዚያ ነው። ቁጥሩን ተዪውና ሳህንሽን እዪ፣ ጎመን ይኑርበት፣ ባቄላ ይኑርበት፣ እንቁላል፣ ቆጮውም አይቅር፣ ክብደቱ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ደሙም ይመለስ ይሆናል።

ይሆናል። ቀስ እያለ። አርባ ሊሞላት ነው፣ ለማን ነው ቀስ የሚባለው።

ደግሞ የሒሳብ አስተማሪ ናት እኮ፣ ወይ ጉድ፣ የገባ ሲቀነስ የወጣ፣ ይሄው ነው ብላ፣ ስታስተምር ኖራ እሷው ተታለለች፣ ፀጉሯ በማበጠሪያ እፍኝ እፍኝ ሲወጣ ሻምፖው ነው አለች፣ ሰሌዳ ስትጽፍ ዓይኗ ሲጨልም የጠመኔው አቧራ ነው አለች፣ መምህራን ክፍል ስትገባ ርብቃዬ ሸንቀጥ አልሽ እኮ ሲሏት ደስ አላት፣ እንዴት ደስ አላት። ልጅ ለማግኘት የቀራትን ጊዜ በገዛ እጇ በላችው።

ንገሪያቸው። አሁን። እማማ፣ አልተፀነሰም፣ ይኸው፣ በቃ። ይህን ሁሉ ዓመት ስንት ጾም የጾሙላትን ሴትዮ፣ የማሕፀን ነገር እንዲህ ነው እንዲያ ነው ብላ ልታስረዳ፣ አፕ ምንድነው ቢሏት ምን ትላለች፣ ደልቶሽ ነው የተራብሽው ቢሏትስ፣ እውነታቸውን ነው፣ ቤት ሞልቶ ነው የተራበችው።

ይበርዳል ልጄ።

አንድ ማንኪያ ብቻ፣ ለወጉ፣ ከዚያ ትነግራቸዋለች። ትጎርሳለች። ቅቤው ምላሷ ላይ ይቀልጣል፣ አይቡ ይከተላል፣ ትሞቃለች፣ እጇ አላስፈቀዳትም፣ ሁለተኛውን ያነሳል፣ ሌላ፣ ሌላ፣ ስንት ነው ይሄ፣ ስንት ይሁን፣ ማኘክ አያስፈልገውም፣ ይወርዳል፣ እንባዋም አብሮ ይወርዳል፣ ማንኪያው ግን አይቆምም፣ እፍረት አለ፣ ጣፋጭነቱ ግን ከእፍረቱ ይበልጣል፣ ጌታ ሆይ፣ እንዲህ ርቦኝ ነበር እንዴ፣ ጣባውን ወደ ራሷ ሳብ ታደርገዋለች።

እማማ አባይነሽ እጃቸውን ሰብስበው ያዩአታል፣ ፊታቸው እንዲህ ሲበራ አይታ አታውቅም፣ በሠርጓም ቀን እንኳ። ጌታ ይመስገን፣ ይላሉ ቀስ ብለው፣ ለካ ልጁ ርቦት ኖሯል።

አሁን ማንኪያውን አስቀምጪ። አሁን። ካሁን በኋላ ከባድ ነው።

አዎ እማማ፣ ትላለች ርብቃ ከጣባው ቀና ሳትል፣ ርቦት ነበር።