ተመልሶ የሚገባ ዕጣ

በሽር እህል በረንዳ ምስር በጅምላ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ፍሬውን አንዴ ጨበጥ አድርጎ የየት አገር ምስር እንደሆነ ይነግራችኋል። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ዕድል አይሳሳትም ብላችሁ ግን እንዳትሸወዱ።

አንድ እሑድ እዚያው እህል በረንዳ የአርባ ሰው እቁብ የመጨረሻው ዕጣ ለእሱ ደረሰ። ሠላሳ ዘጠኙ በየሳምንቱ ወጥተው ጣሳው ውስጥ የቀረው የእሱ ስም ብቻ ነበርና ለሌላ ሰው ሊደርስም አይችልም። በሽር ግን ፊቱ በርቷል። ሰዉ እስኪበተን ጠብቆ የእቁቡን ዳኛ ጋሽ ቦጋለን ወደ ጥግ ሳባቸው።

«አዩ አይደል ጋሼ? ቢዘገይም ይደርሳል። እኔም ቤት እንዲሁ ነው። አራት ሴት ወጣ፣ የቀረው ወንዱ ነው። ነገ ሀስናን ክሊኒክ ልወስዳት ነው፤ ክንዷ ላይ ያስቀበረችውን የወሊድ መከላከያ ታስወጣለች።»

የጋሽ ቦጋለ ፈገግታ ጠፋ። የበሽር ሚስት ሀስና አራቱንም ልጆች በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው። በመጨረሻው ደም ሲፈሳት በሽር ሦስት ቀን ሆስፒታል በር ላይ ሲቀመጥ እሳቸውም አጠገቡ ነበሩ።

«ሐኪሟ ምን አለች?»

«ታስፈራራለች። አሁን ብትወልድ ከአሥር አንድ ልትሞት ትችላለች አለች። አራቴ ተርፋለች እኮ፤ ለምዳዋለች!»

«አልሰሜን ግባ በለው» አሉ ሽማግሌው። ከአንዱ ጆንያ ነጭ፣ ከሌላው ቀይ ቦሎቄ ዘግነው መጡና ባዶው ጣሳ ውስጥ አንድ አንድ ፍሬ ጨመሩ። «ነጩ ሴት፣ ቀዩ ወንድ። ሳታይ አውጣ።»

ነጭ ወጣ። በሽር ወደ ጎን ሊያስቀምጠው ሲል እጁን ያዙት።

«እሱ የእቁብ ነው። እቁብ ላይ የወጣ ስም አይመለስም፤ ለዚህ ነው የዘገየ ሰው ተራው የሚቀርበው። ይሄን ግን መልሰው።»

መለሰው። ነጭ። መለሰው። ቀይ። ከዚያ ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ።

«አሁንስ ቀይ ነው!» አለና አወጣ። ነጭ።

በሽር ሳቀ፤ ከዚያ ጣሳው ውስጥ አየ። ጣሳው ውስጥ ሁልጊዜም ሁለት ፍሬ ብቻ ነበር። አራት ሴት ልጅ መውለዱ ለወንዱ ወረፋ አልያዘለትም።

«ቢሆንም ግማሽ ዕድል አለኝ። ግማሽ ትንሽ ነው?»

ጋሽ ቦጋለ አልተከራከሩትም። የነበሩትን ሁለት ፍሬዎች አውጥተው ዘጠኝ ነጭና አንድ ቀይ ጨመሩ፤ ጣሳውን ነቀነቁና አቀረቡለት።

«ይሄ የሀስና ነው። ቀዩ ከወጣ ሞታለች። አራቴ መትረፏን ጣሳው አያውቅም። አውጣ።»

በሽር እጁን ሰደደ፤ ጣቶቹ የጣሳው አፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ለንግድ ቢሆን ከአሥር ዘጠኝ ሳያመነታ የሚገባበት ነው። ጨዋታ መሆኑንም ያውቃል። ግን ፈራ፤ ያኔ ሆስፒታሉ በር ላይ የፈራውን ያህል ፈራ።

«አላወጣም» አለ።

«ታዲያ እሷን ለምን አውጪ ትላታለህ?»

ቤት ሲደርስ ሀስና ለነገው ቀሚሷን ስትተኩስ አገኛት።

«አንሄድም። ይቅር።»

ካውያውን አስቀምጣ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋ ወረደ። በሽር ደነገጠ። እሺ ስላለችው ያልፈራች መስሎት ነበር።

«ዛሬ ቀኑን ሙሉ» አለችው፣ «የትንሿ መድኃኒት የት እንደሚቀመጥ፣ ስንት ሰዓት እንደሚሰጣት፣ ለትልቋ ለሰልሳቢል ሳሳያት ነው የዋልኩት።»