ያልፈረሰ ጭቃ

ባሏ ከተቀበረ ወር ሳይሞላው ዋርሳዋ መጥቶ የወርቅ ጉድጓዱን ያዘው። ዋርሳ ማለት የባል ወንድም መሆኑ ቀርቶ ወራሽ መስሎት ነው መሰል፣ ዶማውንም የወርቁን አፈር ማጠቢያ ሳንቃውንም ጠቅልሎ የራሱ አደረገ። በቆፋሪዎቹ ፊት ድርሻዋን ብትለምነው፣ ከሳንቃው ጫፍ የሚወርደው ዝቃጭ የእሷ እንዲሆን ፈረደላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ጉድጓዱን በገዛ እጁ እስኪመልስላት ላትተኛ ለራሷ ማለች።

አፈሩ እልኸኛ ነበር፤ ከላይ እንደ ሙጫ የሚይዝ ጭቃ፣ ከሥሩ ተጋግሮ ድንጋይ የሆነ ጠጠር። ባሏ ጠጠሩን በመዶሻ ያደቅቀው ነበር፤ ጭቃውን ግን መጀመሪያ ፀሐይ ላይ አስጥቶ እስኪሰነጠቅ ያደርቀውና በርሜል ውስጥ ይዘፈዝፈው ነበር። ደርቆ ውሃ የገባ ጭቃ በራሱ ጊዜ ይፈርሳል። ዋርሳዋ ይህን ትዕግሥት ከየት ያመጣል? እርጥቡን እየቦደሰ ሳንቃው ላይ ይከምርና ውሃ ይለቅበታል። ጭቃው አይፈርስም፤ እየተድቦለቦለ ሲንከባለል፣ ሳንቃው የያዘውን ወርቅ ሳይቀር ለቅሞ ይወርዳል።

እሷ ታች ሆና ድቡልቡሉን ሰበሰበች። በየቀኑ ወደ ቤቷ ተሸክማ ደጇ ላይ ከመረችው።

በስድስተኛው ወር ዋርሳዋ ከስቶ፣ ቆፋሪዎቹም ጥለውት ሄደው፣ ሟቹን ወንድሙን ባዶ ጉድጓድ አወረሰኝ እያለ እያማ ቤቷ መጣ። የመሳፈሪያ ከሰጠችው ጉድጓዱን እንደሚለቅላት ነገራት። ሰጠችው፤ ጎረቤቶች ባሉበት ፈረመ።

ወረቀቱን አጥፋ ጉያዋ ከከተተች በኋላ፣ ደጅ አውጥታው ከደረቀው ክምር አንዱን ድቡልቡል ገበቴ ውስጥ ጣለችና ውሃ አፈሰሰችበት። ጭቃው ተንኮታኩቶ ፈረሰ። ገበቴውን ቀስ እያለች አዟዟረችው። ከታች ቢጫው ብቅ አለ።

ዋርሳዋ ክምሩ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«ይሄ ሁሉ ከኔ ሳንቃ የወረደ ነው?»

«ካንተው ነው።»

«ታውቂ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«ዘመድ አይደለንም እንዴ? ምናለ ብትነግሪኝ?»

ይህችን ጥያቄ ስትጠብቅ ስድስት ወር ሆኗታል፤ ደስታዋን ልትደብቅ አልሞከረችም።

«እያንዳንዱ ሲንከባለል እያየሁ ነው ዝም ያልኩት። አሁን ተነስ፤ የተቀመጥክበት ወርቄ ነው።»